ድምፁን አላወርድም ያለው የጀልባ ሞተር

ተረት ተረት ስል «የላም በረት» ልትሉኝ ነው። ዛሬ ላም የለም፣ በረትም የለም። ሐይቅ ነው ያለው፣ ጀልባ ነው ያለው፣ አንድ የተረገመ ሞተር ነው ያለው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ «የተረገመ» አልኩ። ገና ሳልጀምር ተናደድኩ።

ስሜ አልማው ነው። ፊደል የቆጠርኩት አባ ወልደ ሐና እግር ሥር ነው፣ ዳዊት ላይ ስደርስ አቋረጥኩ። ከዚያ ወዲህ የማውቀው ጸሎትና ውሃ ነው። ከደሴታችን ወደ ከተማ በሞተር ጀልባ ሰው አሻግራለሁ። እናቴ አንጓች ትባላለች። ሁለቱንም ዓይኖቿን ሞራ ከጋረዳቸው ሁለት ዓመት ሆኗል። ከተማ የዓይን ሐኪሞች መጥተው ሞራ በነጻ ሲገፍፉ ሰነበቱ። አሁን ነገ ማታ ሊሄዱ ነው። ዛሬ ያልተመዘገበ ሰው ነገ አይታይም ተባለ።

ስለዚህ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ትንሽ ነገር። እናቴ ጀልባዬ ላይ እንድትሳፈር።

በቃ፣ ይኼው ነው። ተራራ አንሡልኝ አላልኩም።

ጠዋት እጇን ይዤ ወደ ወደቡ አወረድኳት። ሞተሩ ጠፍቶ ነበር። ተሳፈረች፣ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን አጣፋች። አማተብኩና ማስነሻውን ሳብኩ። ሞተሩ ጮኸ። ከሰኞ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚጮኸው። ሚኒሞ የሚባል ነገር አለ፣ ሞተር ሳይነዱት ቆሞ በዝግታ የሚተነፍስበት ነው። የእኔ ሞተር ሚኒሞው ጠፋ። እጄ ነዳጁን ሳይነካው በራሱ ይጋልባል። ማርሽ ሳስገባ ጀልባው እንደ ወይፈን ዘለለ። እናቴ ወደ ኋላዋ ተገለበጠች፣ ትከሻዋ ከሳንቃው ጋር ተጋጨ።

አጠፋሁት። እናቴ ዳብሳ ወረደችና ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«አልሳፈርም» አለች።

«እማዬ፣ ነገ እኮ ይሄዳሉ!»

«ይሂዱ። እኔ ዓይን የለኝም፣ ያለኝ ጆሮ ነው። ውሃው ሳንቃውን ጠብ ጠብ ሲያደርገው ስሰማ ጀልባው የት እንዳለ፣ መቼ እንደሚሄድ አውቃለሁ። ይኼ ሲያጓራ ምን እሰማለሁ? ሞተሩ ተነሥቶ ጀልባህ ረግቶ ይቁም፣ ያን ጊዜ እሳፈራለሁ።»

ሌላ ጀልባ እንዳትሉኝ። ሁለት ነበሩ፣ ሁለቱም በሽተኛ ጭነው ሄደው እዚያው እየጠበቁ ነው። ታንኳ እንዳትሉኝ። ታንኳ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ ነፋሱ ይነሣል።

ወደ ጀልባው ዞርኩ። «አንተ ጀልባ፣ ቁም! ጀልባ ካልቆመ እናቴ አትሳፈርም፣ እናቴ ካልተሳፈረች ዓይኗ አይበራም።»

ጀልባው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አልቆምም» አለኝ። «ጀርባዬ ላይ ሞተር እየጮኸ እንዴት ብዬ እቆማለሁ? መጀመሪያ እሱ ድምፁን ያውርድ።»

ጀልባ አይናገርም የምትሉ ሰዎች፣ የእኔን ያህል ተናዳችሁ አታውቁም።

ሞተሩን አስነሣሁና ፊት ለፊቱ ቆምኩ። «አንተ ሞተር፣ ድምፅህን አውርድ! ሞተር ድምፁን ካላወረደ ጀልባ አይቆምም፣ ጀልባ ካልቆመ እናቴ አትሳፈርም፣ እናቴ ካልተሳፈረች ዓይኗ አይበራም።»

«አላወርድም» አለ ሞተሩ። «ያበሉኝን እጮኻለሁ። አየሩንና ቤንዚኑን አቀላቅሎ የሚያጎርሰኝ ካርቡራተሩ ነው። እሱ አፉን ይዝጋ፣ እኔም ዝቅ እላለሁ።»

አቡነ ዘበሰማያት ጀመርኩ። «በደላችንን ይቅር በለን» ላይ ሳልደርስ ተሳደብኩ።

ክዳኑን አነሣሁት። ክዳኑ ሥር፣ ከካርቡራተሩ ጎን፣ የዑራኤል ጠበል አለ። በላስቲክ ጠርሙስ አድርጌ ሞተሩን እንዲጠብቅልኝ ያኖርኩት ነው። ጎንበስ ብዬ ተሳለምኩት። ቀና ብዬ በካርቡራተሩ ላይ ጮኽኩበት።

«አንተ ካርቡራተር፣ አፍህን ዝጋ! ካርቡራተር አፉን ካልዘጋ ሞተር ድምፁን አያወርድም፣ ሞተር ድምፁን ካላወረደ ጀልባ አይቆምም፣ ጀልባ ካልቆመ እናቴ አትሳፈርም፣ እናቴ ካልተሳፈረች ዓይኗ አይበራም።»

ካቻቢቴ አነሣሁና የሚኒሞዋን ብሎን አላላኋት። ምንም። ደግሜ አላላኋት። ምንም። እስከ መጨረሻው አላላኋት፣ ልትወልቅ ደረሰች። ሞተሩ ያው እንደ ጅብ ይጮኻል።

«እኔ ምን አጠፋሁ?» አለ ካርቡራተሩ። «እኔ አፍ ብቻ ነኝ። አፌን ጎትቶ የሚከፍተው የነዳጁ ገመድ ነው። ገመዱ ይላላ፣ እኔም እዘጋለሁ።»

አጠፋሁትና ገመዱን አየሁት። ቀጭን ነገር። ከመሪው እጀታ ተነሥቶ ካርቡራተሩ ላይ የሚያልቅ፣ ከጫማ ማሰሪያ የማይወፍር። በዚህ ነው እንዲህ የምቃጠለው?

«አንተ ገመድ፣ ላላ! ገመድ ካልላላ ካርቡራተር አፉን አይዘጋም፣ ካርቡራተር አፉን ካልዘጋ ሞተር ድምፁን አያወርድም፣ ሞተር ድምፁን ካላወረደ ጀልባ አይቆምም፣ ጀልባ ካልቆመ እናቴ አትሳፈርም፣ እናቴ ካልተሳፈረች ዓይኗ አይበራም።»

«አልላላም» አለ ገመዱ። «ተይዣለሁ። የሚያውቅ ሰው ይንካኝ። ሞላልኝን ጥራው።»

ምን እንደያዘው አልጠየቅኩትም። የተቆጣ ሰው አይጠይቅም፣ ያዛል።

እናቴ ከድንጋዩ ላይ «ማንን ነው የምትሳደብ?» አለችኝ።

«ገመድ!»

«መለሰልህ?»

«መለሰልኝ!»

«እግዚኦ» አለችና አማተበች።

ሞላልኝ በደሴቲቱ ሞተር የሚፈታ አንድ ሰው ነው። ሰኞ ዕለት ጠርቼው መጥቶ ነበር። አልዋሽም፣ በደንብ ነው የሠራው። ካርቡራተሩን ፈትቶ አጠበ፣ ገጠመ። ካርቡራተሩ ከሞተሩ የሚጋጠምበትን በሳሙና አረፋ ቀባው። ውጪ ያለ አየር የሚስብ ቀዳዳ ካለ አረፋው ወደ ውስጥ ይሳባል፣ የሞተሩም ድምፅ ይለወጣል። አረፋው አልተሳበም፣ ድምፁም አልተለወጠም። ከዚያ እጁን ወደ ገመዱ ሰደደ። ከዚያ ተጣላን። ለምን እንደተጣላን አሁን ትሰማላችሁ።

ዛሬ ቤቱ ስደርስ ዋርካው ሥር ቁጭ ብሎ የተበጠሰ መረብ ይቋጥራል። ቀና ብሎም አላየኝ።

«ተነሥ!» አልኩት። «ሞላልኝ ካልነካ ገመድ አይላላም፣ ገመድ ካልላላ ካርቡራተር አፉን አይዘጋም፣ ካርቡራተር አፉን ካልዘጋ ሞተር ድምፁን አያወርድም፣ ሞተር ድምፁን ካላወረደ ጀልባ አይቆምም፣ ጀልባ ካልቆመ እናቴ አትሳፈርም፣ እናቴ ካልተሳፈረች ዓይኗ አይበራም!»

«እንደምን አደርህ አያ አልማው» አለኝ። «ሰላምታ እንኳ የለህም?»

«እንደምን አደርህ! ተነሥ!»

«አልነካም።»

«ለምን?»

«ሰኞ ምን አልከኝ?»

«ምን አልኩህ?»

«እጄን ስሰድ፣ 'ይህን ጠበል የነካች እጅ ትድረቅ፣ በዑራኤል ገዝቼሃለሁ' አላልከኝም? ደግሞ አንዴ መሰለህ? ሦስት ጊዜ። እኔ ሁለት ልጅ የማሳድገው በዚች እጅ ነው።»

«ጠበሉን አትንካ አልኩ እንጂ ገመዱን አትንካ መች አልኩ?»

«ገመዱና ጠበሉ እኮ ተደጋግፈው ነው የተኙት። አንዱን ስነካ ሌላውን መንካቴ ነው። ልነግርህ አፌን ስከፍት 'ውረድ ከጀልባዬ' ብለህ ጮኽህ፣ ወረድኩ። ግዝቱ ይፈታልኝና ልምጣ። እሳቸው ጋ ሂድ፣ አባ ወልደ ሐና ይፍቱልኝ።»

ፀሐይዋ ከፍ እያለች ነው። መረቡን ከእጁ ነጥቄ ወረወርኩት። ተነሥቶ አመጣውና መቋጠሩን ቀጠለ። ይኼኛው ደግሞ ባሰብኝ።

ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጥኩ። አባ ወልደ ሐና የንስሐ አባቴ ናቸው፣ የልጅነት መምህሬም ናቸው። ቅጥሩ ውስጥ የጌሾ ችግኝ ውሃ ያጠጣሉ። መስቀል ሳልሳለም ጀመርኩ።

«አባ፣ ግዝት ይፍቱ! ግዝት ካልተፈታ ሞላልኝ አይነካም፣ ሞላልኝ ካልነካ ገመድ አይላላም፣ ገመድ ካልላላ ካርቡራተር አፉን አይዘጋም፣ ካርቡራተር አፉን ካልዘጋ ሞተር ድምፁን አያወርድም፣ ሞተር ድምፁን ካላወረደ ጀልባ አይቆምም፣ ጀልባ ካልቆመ እናቴ አትሳፈርም፣ እናቴ ካልተሳፈረች ዓይኗ አይበራም!»

«ዳዊቱን እንዲህ በቃልህ ይዘኸው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ደብተራ ነበርህ» አሉኝ። ጣሳውን አስቀመጡ። «ማነው የገዘተው?»

«እኔ።»

«አንተ? መቼ ነው ክህነት የተቀበልህ?»

መስቀላቸውን ለመሳለም አሁን ጎንበስ አልኩ።

«እኔ አርባ ዓመት ስቀድስ ሰው የገዘትሁት ሁለት ጊዜ ነው፣ ሁለቱንም ጊዜ አልቅሼ። አንተ፣ ሞላልኝ እንደነገረኝ፣ በአንድ ሰኞ ሦስት ጊዜ ገዘትህ? ለአንድ ብረት?»

«አባ፣ ተናድጄ ነው። ይፍቱልኝና ልሂድ!»

«አልፈታም። እኔ ያልቋጠርሁትን አልፈታም። በአፍህ ያሰርኸውን በአፍህ ፍታ። ሞላልኝን ይቅር በለኝ በለው፣ አንተው ፍታው።»

«እኔ? እኔ እሱን ይቅርታ? እናቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ እሱ መረብ እየቋጠረ? አልፈታም! መጀመሪያ እናቴ ትሳፈር፣ ቁጣዬ ይብረድ፣ ያን ጊዜ እፈታለሁ!»

አባ ጣሳቸውን አነሡና ወደ ጌሾው ዞሩ።

ቁልቁለቱን እየወረድኩ ለራሴ አወራሁት። ቁጣው ካልበረደ አልማው አይፈታም፣ አልማው ካልፈታ ግዝት አይፈታም፣ ግዝት ካልተፈታ ሞላልኝ አይነካም፣ ሞላልኝ ካልነካ ገመድ አይላላም፣ ገመድ ካልላላ ካርቡራተር አፉን አይዘጋም፣ ካርቡራተር አፉን ካልዘጋ ሞተር ድምፁን አያወርድም፣ ሞተር ድምፁን ካላወረደ ጀልባ አይቆምም፣ ጀልባ ካልቆመ እናቴ አትሳፈርም፣ እናቴ ካልተሳፈረች... ቁጣው አይበርድም። ቁጣው ካልበረደ አልማው አይፈታም...

ቆምኩ። እንደ አውድማ በሬ ዞሬ ዞሬ እዚያው ነኝ። ጭድ እንኳ አልወጣኝም።

እዚህ ላይ የተሻለ ሰው ቢሆን ይመለስ ነበር። እኔ ድንጋይ አነሣሁና ወደ ሐይቁ ወረወርኩ። ሌላ ወረወርኩ። «ጌታ ሆይ፣ በጾምም በሰንበትም ደጅህን ጠናሁ፣ እናቴን አንድ ጀልባ ላይ ማሳፈር አቃተህ?» ብዬ ጮኽኩ። ይህን ስል ሰው ሰምቶኛል። ዞር ስል አባ ወልደ ሐና መቋሚያቸውን ይዘው ከኋላዬ ይወርዳሉ፣ ከእሳቸው ኋላ ሞላልኝ መረቡን በትከሻው አድርጎ ይከተላል።

ወደቡ ስንደርስ እናቴ ተነሥታ ቆማለች። አንድ እጇ ትከሻዋን ይዟል፣ የተመታውን።

«አልማው፣ ወደ ሞተሩ ውሰደኝ።»

«እማዬ፣ ምን ያደርግልሻል? አታዪው።»

«አንተ የምታየው ምን ጠቀመህ? ውሰደኝ።»

ከጀልባው ኋላ፣ ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ አቆምኳት። ሞተሩ ጠፍቷል። ክዳኑን አነሣሁላት። ጣቶቿን ሰደደች። ምስር ስትለቅም እንዲህ ነው የምታደርገው፣ አንድ በአንድ። ካርቡራተሩን ዳበሰች። ብሎኗን ዳበሰች። ገመዱን አገኘች፣ በአንድ ጣት ነካ አደረገችው።

«ይኼ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል። ሲሠራ እንዲህ ነው?»

«አይደለም እማማ» አለ ሞላልኝ ከዳር ሆኖ። «ትንሽ ይረግብ ነበር።»

ጣቷ በገመዱ ላይ ሄደ፣ ሄደ፣ አንድ ቦታ ሲደርስ ቆመ።

«ይኼ የተጋደመበት ነገር ምንድን ነው?»

«ጠበል ነው እማዬ። የዑራኤል።»

«መቼ አስገባኸው?»

«ድሮም ነበር፣ በመድኃኒት ብልቃጥ። ብልቃጡ ተሰነጠቀና በትልቅ ጠርሙስ ለወጥኩት።»

«መቼ ለወጥኸው?»

«እሁድ።»

«ሞተሩ መቼ ጮኸ?»

ጠርሙሱን አየሁ። ገመዱን አየሁ። ሞላልኝ ሰማይ ሰማይ ያያል። አባ መቋሚያቸው ላይ ተደግፈው ጢማቸውን ይዳብሳሉ።

«መቼ ነው የጮኸው፣ አልማው?»

«ሰኞ» አልኩ።

አራት ቀን። ካርቡራተሩ ታጠበ፣ አረፋ ተቀባ፣ ብሎን ላላ፣ ሰው ተገዘተ፣ እናቴ ተገለበጠች። ጠርሙሱን በገመዱ ላይ ጠቅጥቄ ያስገባሁት እኔው ነኝ። ጠዋት ጠዋት የምሳለመውም እኔው ነኝ።

«ሁለት ዓመት ዓይኔን በደረቅ ነጠላ ታበስኩ» አለች እናቴ። «'ጠበል አምጣልኝ' ስልህ 'ነገ፣ ነገ' ትለኛለህ። ለብረት በትልቅ ጠርሙስ ሰጠኸው?»

እሳት ቢወርድብኝ ይሻለኝ ነበር።

እጇን ወደ ጠርሙሱ ሰደደች። «እማዬ ተዪ!» ብዬ ያዝኳት። «ገዝቻለሁ! የነካች እጅ ትድረቅ ብያለሁ!»

«ታዲያ ፍታዋ!» አለች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የተናገረችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። «እኔ እኮ ዕውር ነኝ፣ ጠርሙስህን በምን አይቼ እሸሻለሁ?»

እጇ እጄ ውስጥ ነበር። ቀጭን ነው። ይህች እጅ ትድረቅ ብዬ ነው አፌን የከፈትኩት። የሞላልኝ እጅ ሲሆን አልታየኝም ነበር።

ቁጣዬ በረደ አልልም፣ እዋሻለሁ። ቁጣው እንዳለ ነው የፈታሁት።

«ሞላልኝ ወንድሜ» አልኩ። «በአፌ አስሬሃለሁ፣ በአፌ ፈትቼሃለሁ። እጅህ ትባረክ። ይቅር በለኝ።»

«እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ» አለ ሞላልኝ። መረቡን ጣለና ሱሪውን ጠቅልሎ ውሃው ውስጥ ገባ። «ሰኞ ብትለኝ ግን ማክሰኞ ተሻግራችሁ ነበር።»

አማትቦ ጠርሙሱን በሁለት እጁ ያዘ። ቀስ አድርጎ አወጣው። ገመዱ ረገብ ሲል ሁላችንም አየነው፣ እናቴ ደግሞ ሰማችው። ማስነሻውን ሳብኩ። ሞተሩ ተነሣ፣ ሁለት ጊዜ ሳል አደረገና ጠፋ።

«አሁን ደግሞ ምን ሆነ!» ብዬ ጮኽኩ።

«ብሎኗን ማን ነው እንዲህ ያላላት?» አለ ሞላልኝ።

መሬት መሬት አየሁ። ካቻቢቴውን ተቀብሎኝ ብሎኗን ጥቂት ጥቂት እያለ መልሶ አጠበቀ። «አሁን ሳብ» አለኝ።

ሳብኩ። ጡክ፣ ጡክ፣ ጡክ፣ ጡክ።

አልማው ሲፈታ ግዝት ተፈታ፣ ግዝት ሲፈታ ሞላልኝ ነካ፣ ሞላልኝ ሲነካ ገመድ ላላ፣ ገመድ ሲላላ ካርቡራተር አፉን ዘጋ፣ ካርቡራተር አፉን ሲዘጋ ሞተር ድምፁን አወረደ፣ ሞተር ድምፁን ሲያወርድ ጀልባ ቆመ። እናቴ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች። ውሃው ሳንቃውን ጠብ፣ ጠብ አደረገው።

«እ፣ እዚህ ነህ» አለችው ጀልባውን። እግሯን አነሣች። እኔን ሳትይዝ ተሳፈረች።

አባ ጠርሙሱን ባርከው ሰጧት። ዓይኗን ታበሰች፣ የተመታ ትከሻዋን አራሰች። የቀረውን ወደ እኔ ዘረጋችው።

«ጠጣ» አለችኝ። «የጮኸው እሱ ብቻ አልነበረም።»

ጠጣሁ። ማርሽ ሳስገባ ጀልባው ሳይዘል ሄደ። ነፋሱ ሳይነሣ ደረስን፣ ተመዘገበች።

ሐኪሞቹ በማግስቱ ሞራውን ገፈፉላት። በሦስተኛው ቀን ፋሻው ሲነሣላት ወደ ጀልባው መጣች። መጀመሪያ ሞተሩን አየችው፣ ቆይታ ቆይታ አየችው። «ይችን ያህል ብቻ ነው?» አለች። «በድምፁ እኮ ዝሆን ነበር የመሰለኝ።» ከዚያ እኔን አየችኝና «አንተም ሸብተሃል ለካ፣ ልጄ» አለች።

ተረቴን መልሱልኝ። ስትመልሱ ግን ቀስ ብላችሁ ነው፣ እናቴ ውሃውን እየሰማች ነው።